ዊሊ ኦሪ፦ ስለ መጀመሪያው ጥቁር የኤን ኤች ኤል ተጫዋች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቶሮንቶ፣ በካልጋሪ፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በቦስተን ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ክረምት በገባ ቁጥር ስለ ሆኪ ከልጆቻቸው አፍ ይሰማሉ። ልጅ «ዊሊ ኦሪ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ በአማርኛ የሚመልስ ጽሑፍ ቢኖር ጥሩ ነው። ይህ ገጽ የተዘጋጀው ለዚያ ነው። ዓመታቱና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊሊ ኦሪ ማን ነው?

ካናዳዊ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው። ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ለቦስተን ብሩይንስ ተሰልፎ በመጫወት፣ ኤን ኤች ኤል በሚባለው የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ዕድሜው ያኔ 22 ዓመት ነበር። የግራ ክንፍ ተጫዋች ሲሆን ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በፍጥነቱ ነው። ቀኝ ዓይኑ እንደማያይ ግን ሊጉም፣ አሰልጣኞቹም፣ አብረውት የሚጫወቱትም አያውቁም ነበር።

ብዙ ሰው ስለ ኦሪ የሚያውቀው «የመጀመሪያው» የሚለውን ብቻ ነው። በእኔ እምነት ግን ሰውየውን የሚያስከብረው ከዚያ ምሽት ይልቅ ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅም ዘመን ነው። እስከ 43 ዓመቱ ድረስ ተጫውቷል።

ሆኪን ጭራሽ የማያውቅ አንባቢ ምን ማወቅ አለበት?

የገና ጨዋታን ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ጫፉ የቆለመመ ዱላ አለ፣ በዱላው የምትመታ ሩር አለች፣ ሩሯን ወደ ተቃራኒው ወገን ለማድረስ የሚደረግ ግፊያና ሩጫ አለ። በሆኪ ሜዳው በረዶ ነው፤ ርዝመቱ 61 ሜትር፣ ወርዱ 26 ሜትር ያህል ይሆናል። ተጫዋቾቹ ስለት በተገጠመለት ጫማ ይንሸራተታሉ። በሩሯ ፈንታ ፓክ የምትባል ጠፍጣፋ፣ ክብ ጎማ አለች። ግብ ጠባቂውን ጨምሮ በእያንዳንዱ ወገን ስድስት ሰው ይሰለፋል፣ ጨዋታውም ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው።

በትከሻና በደረት ተጋጣሚን መግጨት የተፈቀደ ነው። ፓኳ ክብደቷ 170 ግራም ገደማ ቢሆንም በረዶው ላይ እንዳትነጥር ቀድማ ስለምትቀዘቅዝ ድንጋይ ትሆናለች፤ በኃይለኛ ምት በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች። በኦሪ ዘመን ደግሞ ተጫዋቾች የራስ ቁር የማድረግ ልማድ አልነበራቸውም፤ የፊት መከላከያ መስታወትም የለም። ስለ ዓይኑ የሚተርከውን ክፍል ሲያነቡ ይህን ያስታውሱ።

እኛ ዘንድ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ሜዳው ላይ ጌታና ሎሌ አይለይም ማለት ነው። የካናዳና የአሜሪካ ሆኪ ግን እስከ 1958 ድረስ ጥቁርን ከትልቁ ሜዳ ለይቶ አውጥቶ ነበር።

የት ተወለደ? ቤተሰቡስ?

ኦክቶበር 15 ቀን 1935 በምሥራቅ ካናዳ፣ በኒው ብራንስዊክ ግዛት፣ ፍሬደሪክተን በምትባል ከተማ ተወለደ። ከ13 ልጆች የመጨረሻው ነው። የዘር ሐረጉ ከአሜሪካ ባርነት አምልጠው ወደ ካናዳ ከተሻገሩ ሰዎች ይመዘዛል። በፍሬደሪክተን የነበሩት ጥቁር ቤተሰቦች በጣም ጥቂት ስለነበሩ የልጅነት ጓደኞቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ።

በረዶ ላይ መንሸራተት የጀመረው በሦስት ዓመቱ ነው፤ በአምስት ዓመቱ በቡድን መጫወት ጀመረ። በዚያ አገር ክረምቱ ረጅም ነው፣ ወንዙ ይረጋል፣ ጓሮ ላይ ውሃ ፈስሶ ሌሊቱን ሲያድር ጠዋት ሜዳ ይሆናል። ታላቅ ወንድሙ ሪቻርድ አሠልጣኙም መካሪውም ነበር። ግጭትን እንዴት እንደሚቀበልና እንዴት እንደሚመልስ አስተምሮታል። ስድብን በአንድ ጆሮ ሰምቶ በሌላው እንዲያፈስም መክሮታል፤ ይህን ምክር ኦሪ በሕይወቱ ሙሉ ሲጠቅሰው ኖሯል።

ቤዝቦል ይጫወት ነበር የሚባለው እውነት ነው? ከጃኪ ሮቢንሰን ጋርስ ተገናኝተዋል?

ሁለቱም እውነት ነው። በ1949 የኦሪ የልጆች ቤዝቦል ቡድን ውድድር አሸንፎ በሽልማት ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። እዚያም በታላቁ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ የዘር አጥሩን በ1947 ከሰበረው ከጃኪ ሮቢንሰን ጋር ተገናኙ። ልጁ ቤዝቦል ብቻ ሳይሆን ሆኪም እንደሚጫወት ሲነግረው ሮቢንሰን ተገረመ፤ ጥቁር ልጆች ሆኪ እንደሚጫወቱ አያውቅም ነበርና። በ1962 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ የምሳ ግብዣ ላይ እንደገና ሲገናኙ ሮቢንሰን ያንን ልጅ አስታወሰው።

ሁለተኛው የቤዝቦል ታሪክ መራራ ነው። በ1956 ሚልዋኪ ብሬቭስ የተባለው ቡድን ኦሪን ለሙከራ ወደ ጆርጂያ ግዛት፣ ዌይክሮስ ወደምትባል ከተማ ጠራው። ከአውሮፕላን ሲወርድ ያየው የመጀመሪያ ነገር «ለነጭ» እና «ለጥቁር» ተብለው የተለዩ መጸዳጃ ቤቶችን ነው። በአገሩ ከነጭ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ ወጣት ነው፤ እዚህ ግን የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚተኛ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ ቆዳው ይወስንለታል። ሙከራውን ሳያልፍ ቀረ፤ ወደ ካናዳም በአውቶቡስ ተመለሰ።

ያንን ጉዞ ሲተርከው ዝርዝሩ አይለወጥም። ጆርጂያ ውስጥ የተሳፈረው ከኋላ ነው። አውቶቡሱ ወደ ሰሜን በገፋ ቁጥር አንድ አንድ ወንበር እያለ ወደ ፊት መጣ፤ ድንበሩ ሲቃረብ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ቤት ሲደርስ ቤዝቦልን ትቶ ሙሉ ልቡን ለሆኪ ሰጠ።

በእርግጥ የተጫወተው በአንድ ዓይኑ ነው?

አዎ፤ ለማመን የሚከብደውም ይህ ነው።

በ1955–56 የውድድር ዘመን ኦንታሪዮ ውስጥ ኪችነር ለሚባል የወጣቶች ቡድን ይጫወት ነበር። በአንድ ጨዋታ ከግቡ ፊት ቆሞ ሳለ ከቡድኑ ጓደኛ የተመታች ፓክ ነጥራ ፊቱን አገኘችው። አፍንጫው ተሰበረ፣ የጉንጩ አጥንት ተሰበረ፣ የቀኝ ዓይኑ ሬቲናም ክፉኛ ተጎዳ። ሐኪሙ ቀኝ ዓይኑ ዳግም እንደማያይና ሆኪ መጫወት እንደማይችል ነገረው። የቀኝ ዓይኑን የማየት ችሎታ 95 በመቶ ያህል አጥቶ ነበር።

በሳምንታት ውስጥ ወደ በረዶው ተመለሰ።

ለአንዲት እህቱ ነገራት፤ ለሌላ ሰው እንዳትናገርም አስማላት። ምስጢሩ የኩራት ጉዳይ አልነበረም። ሊጉ በአንድ ዓይን ብቻ የሚያይ ሰው እንዳይጫወት የሚከለክል ደንብ ነበረው፤ ቢታወቅ ሥራው ያበቃ ነበር። ስለዚህ በቦስተን ማሊያ በተጫወተባቸው ጊዜያት ሁሉ ሁለት ነገር ተሸክሞ ነበር ማለት ነው፤ ሁሉም የሚያየውን ቆዳውንና ማንም የማያየውን ዓይኑን።

አሁን ችግሩን ሜዳው ላይ አስቡት። የግራ ክንፍ ተጫዋች በሜዳው ግራ ጠርዝ ይሄዳል፤ ፓኳም ተጋጣሚዎቹም የሚመጡት ከቀኙ ነው። የኦሪ የታወረው ዓይን ደግሞ የቀኙ ነው። ፓክ ሲቀበል አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ማዞር ነበረበት፤ አንገቱን ሲያዞር ደግሞ ከፊቱ የሚመጣውን ገጪ አያይም። በዚህ ሁኔታ በዓለም ምርጥ ሊግ መሰለፍ ይቅርና መንሸራተት ራሱ ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ነው። እሱ ግን ስለማያየው ነገር መጨነቅ ትቶ በሚያየው ላይ ማተኮርን ለራሱ ሕግ አደረገ።

ከዓመታት በኋላ ሎስ አንጀለስ ሲጫወት አሰልጣኙ ወደ ቀኝ ክንፍ አዛወረው። ያኔ ጨዋታው በሙሉ ከግራው፣ ከሚያይበት በኩል መጣ። በ1964–65 የውድድር ዘመን 38 ግብ አስቆጠረ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ፣ ያ የቦታ ለውጥ ቦስተን ሳለ ቢደረግ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ነው። ምስጢሩን ግን መናገር አይችልም ነበር፤ ካልተናገረ ደግሞ ማን ያውቅለታል?

ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ምን ሆነ?

ኦሪ ያኔ በኩቤክ ከተማ ኤሲስ ለሚባል ቡድን ይጫወት ነበር፤ ቡድኑም ከቦስተን ብሩይንስ ጋር ስምምነት ነበረው። ብሩይንስ ተጫዋች ሲጎድልበት ኦሪን ጠራው። ጨዋታው በሞንትሪያል ፎረም፣ ከሞንትሪያል ካናዲየንስ ጋር ነበር። ካናዲየንስ በዚያ ዘመን ከ1956 እስከ 1960 አምስት ዋንጫ በተከታታይ የወሰደ ቡድን ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ምሽት ነበር፤ ቦስተን 3 ለ 0 አሸነፈ።

አሰልጣኙ ሚልት ሽሚት ከጨዋታው በፊት ቡድኑ ከጎኑ መሆኑንና ስለ ሌላ ነገር ሳይጨነቅ እንዲጫወት ነገረው። ግብ አላስቆጠረም። በማግስቱ እሑድ ቦስተን ውስጥ ሁለቱ ቡድኖች እንደገና ሲገናኙ ካናዲየንስ 6 ለ 2 አሸነፈ፤ ኦሪም ወደ ኩቤክ ተመለሰ።

ጋዜጦቹ ብዙም አልጮኹም። የሞንትሪያል ሕዝብ ከኩቤክ ሊግ ጀምሮ ስለሚያውቀው ጥቁር ተጫዋች ማየቱ አላስደነገጠውም ይባላል። በአሜሪካም ሆኪ በአብዛኛው የሰሜን ከተሞች ጨዋታ ስለነበር የሮቢንሰንን ያህል ወሬ አልተነሣም።

በኤን ኤች ኤል ስንት ጨዋታ አደረገ?

በጠቅላላው 45። በ1957–58 ሁለት፣ በ1960–61 ደግሞ 43። 4 ግብ አስቆጠረ፤ ለግብ የበቁ 10 ቅብብሎችም አሉት።

ከአራቱ ግቦች አንደኛው ይተረካል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1961፣ በአዲስ ዓመት ዕለት፣ በቦስተን ጋርደን አሁንም ተጋጣሚው ካናዲየንስ ነው። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በፍጥነቱ ተከላካዮችን ጥሎ ገባና ዝቅ አድርጎ መታ፤ ገባች። ቦስተን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ የድሉ ግብ ያች ሆነች። የቦስተን ተመልካች ብድግ ብሎ ለደቂቃዎች አጨበጨበለት፤ እሱም ፓኳን ከመረቡ ውስጥ አነሣት።

ምን ዓይነት ዘረኝነት ደረሰበት?

በካናዳ ከተሞች ነገሩ ቀለል ይል እንደነበር፣ የከፋው በአሜሪካ፣ በተለይም በዲትሮይት፣ በኒው ዮርክና በቺካጎ እንደነበር ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ስድቡ ከመቀመጫው ብቻ ሳይሆን ከተጋጣሚ ተጫዋቾችም ይመጣ ነበር።

በቺካጎ የሆነውን እንውሰድ። ጨዋታው ገና እንደተጀመረ አንድ የቺካጎ ብላክሆክስ ተጫዋች በስድብ ቀረበውና የዱላውን እጀታ ጫፍ አፉ ላይ ሰካበት። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወለቁ፣ አፍንጫውም ተሰበረ። ኦሪ የወንድሙን ምክር ይዞ ለስድብ አይማታም ነበር፤ ለዱላ ግን ይመልሳል። በዱላው መልሶ መታው፤ ሁለቱም ቡድኖች ተደባለቁ፣ ሕዝቡም በቁጣ ተነሣ። ኦሪ ያን ምሽት ከስታዲየሙ በሕይወት መውጣቱን ተጠራጥሮ እንደነበር በኋላ ተናግሯል።

ከኤን ኤች ኤል ከወጣ በኋላም አልቀረም። በ1970ዎቹ ቨርጂኒያ ውስጥ በተደረገ ጨዋታ ተመልካቾች ጥጥና ጥቁር ድመት ወደ በረዶው ወርውረውበታል። ጥጥ መወርወሩ ተራ ብልግና አይደለም፤ በአሜሪካ ደቡብ ባሪያዎች ያለቁት ጥጥ ሲለቅሙ ነው፤ የተወረወረበት ሰው ቅድመ አያቶች ያመለጡት ደግሞ ከዚያው ነው።

ታጋሽ ነበር ሲባል ግን ዝም ብሎ ተመታ ማለት እንዳልሆነ አደራ። ልጆች ስለ ኦሪ ሲማሩ አንዳንዴ ሁሉን የቻለ ገራም ሰው ተደርጎ ይቀርብላቸዋል። ከቡድኑ ላለመባረር ስድቡን ሰምቶ ያልሰማ ይሆናል፤ እጅ ሲነሣበት ግን መክቷል። ሁለቱንም ማስተማር ይገባል።

ለምን ከሊጉ ወጣ?

የ1960–61 የውድድር ዘመን ሲያልቅ የብሩይንስ ኃላፊዎች በሚቀጥለው ዓመትም እንደሚፈልጉት ነገሩት። ደስ ብሎት ወደ ፍሬደሪክተን ሄደ፤ ሳምንታት ሳይቆጠሩ ለሞንትሪያል ካናዲየንስ መሰጠቱን ሰማ። ካናዲየንስ በኮከቦች የተጨናነቀ ቡድን ስለነበር ለኦሪ ቦታ አልነበረውም። ወደ ታችኛው ቡድን ላከው፤ በ1961 መጨረሻ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ብሌድስ ወደሚባል የምዕራብ ሊግ ክለብ አሻገረው። ከዚያ ወዲያ ኤን ኤች ኤል አልጠራውም።

በዚያ ዘመን ሊጉ ስድስት ቡድን ብቻ ስለነበረው ቦታ ያለው ለ120 ያህል ተጫዋች ብቻ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ የተሟላ ምክንያት ግን አይደለም። በ1967 ሊጉ በአንድ ጊዜ ከስድስት ወደ 12 ቡድን አደገ። ሎስ አንጀለስም የራሷን የኤን ኤች ኤል ቡድን አገኘች፤ በዚያች ከተማ ስድስት ዓመት ግብ ሲያስቆጥር የኖረው ኦሪ ግን በዚያ ቡድን ውስጥ አልነበረም። ብሌድስ ተዘጋና ወደ ሳን ዲየጎ ጋልስ ሄደ። እዚያም በ1968–69 እንደገና 38 ግብ አገባ።

በምዕራብ ሊግ አራት ጊዜ 30 እና ከዚያ በላይ ግብ ያስቆጠረ ሰው ነው። በ1979 ከሳን ዲየጎ ሆክስ ጋር ጫማውን ሲሰቅል ዕድሜው 43 ነበር፤ በክፍያ የተጫወተበት ዘመን ከሁለት አሥር ዓመት አልፎ ነበር። የሳን ዲየጎ ሕዝብ ፍቅሩን አልነፈገውም። በ2015 የአሁኑ ጋልስ ቡድን የማሊያ ቁጥሩን ለሌላ ተጫዋች እንዳይሰጥ አድርጎ ሰቅሎለታል።

ከእሱ በፊት ጥሩ ጥቁር ተጫዋች አልነበረም ማለት ነው?

ነበር። በምሥራቅ ካናዳ የጥቁሮች ሆኪ ሊግ በ1895 በኖቫ ስኮሺያ ተመሥርቶ ነበር፤ ኤን ኤች ኤል ራሱ የተቋቋመው በ1917 ነው። ጥቁሮች ዘግይተው ወደ ሆኪ መጡ የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የኸርብ ካርኔጊ ታሪክ ነው። የቶሮንቶ ልጅ ነው፤ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኩቤክ ሊጎች ኮከብ ነበር። ለኩቤክ ኤሲስ ሲጫወት በኋላ የካናዲየንስ ታላቅ ሰው ከሆነው ከዣን ቤሊቮ ጋር አብረው ተሰልፈዋል። በ1948 ኒው ዮርክ ሬንጀርስ ለሙከራ ጠርቶት ለታችኛው ቡድን ብቻ ውል አቀረበለት፤ ክፍያውም ቤተሰቡን ከሚያስተዳድርበት ያነሰ ስለነበር እምቢ አለ። ኤን ኤች ኤልን ሳይረግጥ ጨዋታ አቆመ። በ2012 አረፈ፤ የሆኪ የክብር አዳራሽ ያስገባው ከአሥር ዓመት በኋላ በ2022 ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያው» ስንል «ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደለት» ማለታችን እንጂ «ለመጀመሪያ ጊዜ የቻለው» ማለታችን እንዳይመስል።

«የሆኪው ጃኪ ሮቢንሰን» መባሉ ትክክል ነው?

ለክብሩ ሲባል የተሰጠ ስም ነው፤ ኦሪም ተቀብሎታል። እኔ ግን ስሙ አንድ ትልቅ እውነት ይሸፍናል ባይ ነኝ። ሮቢንሰን በ1947 በሩን ሲከፍት በወራት ውስጥ ሌላ ጥቁር ተጫዋች ተከተለው፤ በጥቂት ዓመታትም ብዙዎች ገቡ። ኦሪ በ1961 ከሊጉ ሲወጣ ግን ከኋላው ማንም አልነበረም። ቀጣዩ ጥቁር ተጫዋች ማይክ ማርሰን በዋሽንግተን ካፒታልስ የተሰለፈው በ1974 ነው። በመሃል 13 ዓመት አለ፤ በዚያ 13 ዓመት ውስጥ ኦሪ ራሱ በካሊፎርኒያ ግብ እያገባ ነበር።

ለዚህ የሚቀርቡት ምክንያቶች ጥቂት አይደሉም። ካናዳ ውስጥ የጥቁሮች ቁጥር አነስተኛ ነበር፣ ጨዋታው ውድ ነው፣ መልማዮች የሚሄዱት ወደሚያውቋቸው ሰፈሮች ብቻ ነው። ቢሆንም አንድ ሰው ገባ ማለት አጥሩ ፈረሰ ማለት አልነበረም። ክለቦቹ አንድ ጊዜ ጠርተው «አደረግነው» ብለው ተቀመጡ። ታሪኩን ለልጆች ስንነግር ይህችን ዝም ብለን ማለፍ የለብንም።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ምን ሠራ?

ከሕዝብ ዓይን የራቀ ኑሮ ኖረ። በሳን ዲየጎ አካባቢ በጥበቃ ሥራ ተሰማርቶ ነበር፤ ከሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ሆቴል ዴል ኮሮናዶ ነው። በዚያ ሆቴል በር የሚያልፉ እንግዶች ሰላም የሚላቸው ሰው ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ብራያንት ማክብራይድ የተባለ የሊጉ ኃላፊ ፈልጎ አገኘው። ያኔ 60 ዓመት አልፎታል። ኤን ኤች ኤል የወጣቶች ልማት ኃላፊ፣ በኋላም የብዝኃነት አምባሳደር አደረገው። ከከተማ ከተማ እየዞረ ሆኪ ያልደረሰባቸው ሰፈር ልጆችን ማስተማር ጀመረ። በመርሐ ግብሩ ሆኪን የቀመሱ ልጆች ከ120,000 በላይ እንደሆኑ ሊጉ ይገልጻል። የኦሪ ሁለተኛ ሥራ ከመጀመሪያው ቢረዝም እንጂ አያንስም፤ ለእኔም ከ45ቱ ጨዋታዎች የሚበልጠው ይህ ነው።

ክብሩን መቼ አገኘ?

ዘግይቶ። በ2008 የትውልድ ከተማው ፍሬደሪክተን አዲስ የስፖርት ማዕከል በስሙ ሰየመች። ካናዳም ታላቁን የዜጎች ኒሻን ሰጠችው። በ2018 ቶሮንቶ በሚገኘው የሆኪ የክብር አዳራሽ ስሙ ሰፈረ፤ የገባውም በተጫዋችነት ሳይሆን ለጨዋታው ዕድገት በሠሩ ሰዎች ዘርፍ ነው። ያኔ 83 ዓመቱ ነበር።

ጃንዋሪ 18 ቀን 2022፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ ልክ 64 ዓመት በኋላ፣ ብሩይንስ 22 ቁጥር ማሊያውን ቦስተን ውስጥ ሰቀለ። ሥነ ሥርዓቱ በወረርሽኙ ምክንያት ከ2021 የተላለፈ ነበር፤ ኦሪም የተከታተለው ከሳን ዲየጎ በቪዲዮ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት ለሲቪሎች የሚሰጠው ከፍተኛ ሽልማት፣ የኮንግረስ የወርቅ ሜዳሊያ፣ እንዲሰጠው የሚደነግገው ሕግ ተፈረመ። ከሆኪ ተጫዋቾች ይህን ያገኘ የመጀመሪያው ነው።

ዛሬ ሊጉ ተለውጧል?

ተለውጧል፤ በቂ ነው ግን አልልም። ግብ ጠባቂው ግራንት ፉር በ1984 ከኤድመንተን ኦይለርስ ጋር ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ከናይጄሪያዊ አባት የተወለደው ጃሮም ኢጊንላ የካልጋሪ ፍሌምስ አምበል ነበር። በ2022 ማይክ ግሪየር የሳን ሆዜ ሻርክስ ሥራ አስኪያጅ ሲሆን በዚያ ደረጃ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። በሌላ በኩል በ2011 በካናዳዋ ለንደን ከተማ ዌይን ሲመንድስ ወደ ግብ ሲንሸራተት ከተመልካች ሙዝ ተወርውሮበታል። የጥጡ ዘመን አልፎ የሙዙ መጣ።

ልጄ ሆኪ መጫወት ይፈልጋል፤ ከየት ልጀምር?

ዕቃው ውድ መሆኑ አያስፈራዎ። በብዙ ከተሞች ጫማና መከላከያ የሚያውሱ ክለቦች አሉ፤ ለጀማሪ ያገለገለ ዕቃ ይበቃል። መጀመሪያ በሕዝብ የበረዶ ሜዳ ላይ መንሸራተት ይማር፤ ዱላው ይደርሳል። የራስ ቁርና ሙሉ የፊት መከላከያ ግን ለድርድር አይቀርቡም፤ የኦሪን ዓይን ያጠፋችው አንዲት የነጠረች ፓክ ናት።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ጥቆማ አለኝ። በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ፎርት ዱፖንት የሚባል የበረዶ ሜዳ አለ። ኒል ሄንደርሰን የተባሉ ሰው በ1970ዎቹ ፎርት ዱፖንት ካነንስ የተባለውን የልጆች ሆኪ ክለብ ያቋቋሙት እዚያ ነው፤ ክለቡ በዋናነት ለጥቁር ልጆች በሩን የከፈተ ነው። ሄንደርሰን በ2019 በአሜሪካ የሆኪ የክብር አዳራሽ ስማቸው ሰፍሯል። ሌላ ከተማ የሚኖሩ ከሆነ በአቅራቢያዎ ያለውን የበረዶ ሜዳ ቢሮ ለአዲስ ጀማሪዎች ምን ዓይነት ክፍል እንዳለው ይጠይቁ። ምዝገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ክረምቱ ሳይገባ በፊት ስለሆነ በጊዜ መደወል ይሻላል።